ጉርማ ስኳር አይደለም

ጆሪና «ስኳር አለብሽ» ስትባል መጀመሪያ የተሰማት እፍረት ነው። ስኳር የከተማ ሰው በሽታ ይመስላት ነበር፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚውል፣ ሆዱ ቀድሞት በር የሚገባ ሰው በሽታ። እሷ ደግሞ ከእንጨት የቀጠነች፣ ዕድሜዋን በሙሉ በጆሾር ገጠር ምድጃ ሥር ተቀምጣ ጉር የሚባለውን ጣፋጭ ስታፈላ የኖረች ሴት ናት። ጤና ጣቢያ የሄደችውም ውሃ ጥሙ አልቆርጥ፣ እግሯ ላይ የወጣው ቁስል አልሽር ስላላት ነበር። «የሌላ ሰው ደም ቀላቅላችሁብኝ እንዳይሆን» ብላ ተከራከረች። ነርሷ እንደገና ለካቻት። ያው ነው።

«እንግዲህ አክስቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስኳር የለም። ክኒኑንም ሳታቋርጪ መዋጥ ነው» አለቻት።

ጆሪና ቃሏን የምታከብር ሴት ናት። ቤት እንደገባች የስኳሩን ጣሳ ለምራቷ ለሸፋሊ አስረከበች። «ይሄ ነጭ መርዝ ሁለተኛ ዓይኔ እንዳያየው!» አለች። ከዚያ ተረጋግታ ተቀመጠችና ሻይዋ ውስጥ ጉር ጨመረች፤ ያውም ዳጎስ ያለውን።

አትፍረዱባት። በዚያ አገር ጉርን ከስኳር የሚቆጥር የለም። ስኳር ከፋብሪካ በጆንያ የሚመጣ ነገር ነው። ጉር ግን ከተምር ዛፍ ነው፤ በብርዱ ወራት የዛፉ አንገት ተልጦ፣ ማሰሮ ውስጥ ጠብ ጠብ ሲል ያደረው ውሃ ጠዋት በሰፊ ሰታቴ ተፈልቶ የሚረጋ። ለአራስ ይሰጣል፤ ለሚያስል ሰው ይሰጣል። እንዲህ ያለ ነገር ያሳምማል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ለጆሪና ደግሞ ጉር ማለት አባቷ ነው። ጎህ ሲቀድ፣ ጉሙ ገና ከመሬት ሳይነሳ ቀስቅሶ ይወስዳታል። ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ እንደ ድመት ዛፉ ላይ ይወጣና ማሰሮውን አውርዶ «ቶሎ በይ፣ ዝንብ ሳይቀድምሽ!» ይላታል። ውሃው ጥርስ ያንገጫግጫል። እሷ እየተንቀጠቀጠች ስትጠጣ አባቷ ቁጢጥ ብሎ እያያት ይስቃል። ፀሐይ ሞቅ ስትል የሰፈሩ ልጆች ፈንዲሻ ሩዝ በልብሳቸው ቋጥረው ይመጣሉ፤ የሰታቴውን ቂጥ ለመጥረግ ይጋፋሉ፤ እናቷ በማማሰያ ታባርራቸዋለች፤ መልሳ ደግሞ ትጠራቸዋለች። ባሏን ቶፋጀልን የመረጠላትም አባቷ ነው፤ ዛፍ ወጪ ስለሆነ። «ሌላ ሌላው ቢቀር ጣፋጭ አያሳጣትም» ብሎ ዳራት። አሁን ከባሏ በቀር ያ ሁሉ ሰው የለም። ጉር አፏ ውስጥ ሲሟሟ ግን ሁሉም ይመጡላታል፤ ስለዚህ ደጋግማ ትቀምስ ነበር።

በሁለተኛው ቀጠሮ ስኳሯ ብሶ ተገኘ።

«አክስቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ስኳር ትበያለሽ?»

«ልጄ ይሙት! መልኩን ረስቼዋለሁ።»

«ሻይ በምን ትጠጫለሽ?»

«በጉር ነዋ።»

«ጉርም ስኳር ነው እኮ!»

«ጉርማ ስኳር አይደለም! ከተማ ነው መሰለኝ ያደግሽው።»

ነርሷ ልትስቅ ነበር፤ የጆሪናን ፊት አይታ ተወችው። «እኔም እዚሁ ነው ያደግሁት» አለች ቀስ ብላ። «እናቴም እንዳንቺ ትል ነበር። አንድ እግሯን ቆረጧት። ጉርም፣ የዛፉም ውሃ ቀርቷል፣ አክስቴ።»

«ለቅምሻስ?»

«ቅምሻችሁን አውቀዋለሁ። የእናቴም ቅምሻ ነበር።»

ሲመለሱ ጋሪው ላይ ከባሏ አጠገብ ተቀምጣ አለቀሰች። መንገዱ ግራና ቀኙ የተምር ዛፍ ነው፤ በየዛፉ ላይ ማሰሮ ተንጠልጥሏል። «አባቴ መርዝ ነዋ ሲያጠጣኝ የኖረው?» አለች።

«እንዲህ አይባልም፣ የሙኒር እናት» አለ ቶፋጀል፣ እንደ ልማዱ በልጃቸው ስም ጠርቷት።

በማግስቱ ጆሪና ከምድጃው ቀረች። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ጉር ቶሎ ከወረደ አይረጋም፤ ከቆየ ይመራል፤ በዚያ ቤት ሰዓቱን የሚያውቀው የእሷ ምላስ ብቻ ነው። ሸፋሊን እንኳ እንጨት ከማቀበል በቀር ወደ ሰታቴው አስጠግታት አታውቅም። አሁን ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። «እናንተው አፍሉት። የእኔ ነገር አልቋል» አለች።

ቶፋጀል ሞከረና አሳረረው። «የሙኒር አባት፣ ጉር ነው ወይስ ከሰል ነው የምታፈላው?» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። በሚቀጥለው ቀን ደግሞ ፈራና ቶሎ አወረደው፤ እንደ ሾርባ ፈሰሰ። ገበያ ላይ ደንበኞቹ አይተው «ይሄ የጆሪና አይደለም» እያሉ አለፉት። ይህን ስትሰማ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ግን ይባስ ከፋት። ሞትን አይደለም የፈራችው። ብርዱ መጥቶ፣ ሽታው ሰፈሩን ሞልቶ፣ እሷ ግን የሌለችበት እንዳይሆን ነው።

አንድ ጠዋት ሸፋሊ አልጋዋ ጠርዝ ላይ መጥታ ተቀመጠች። «እማዬ፣ ዛሬ እኔ ላፍላው። አንቺ አጠገቤ ብቻ ተቀመጪልኝ። ስድቡንም እችለዋለሁ።»

«የእኔን ስድብ ትችይዋለሽ?»

«ከተዳርኩ ጀምሮ ችዬው የለ እንዴ!»

ጆሪና ሳትወድ ሳቀች። ተነሳችም።

እሳቱ ነደደ። ነጩ አረፋ ቀላ፣ ፈሳሹም እየወፈረ ሄደ። ጆሪና እሳቱን አስቀነሰች፣ ማማሰያ አያያዙን ሰደበች፣ ጭሱን ረገመች፤ ራሷን ረስታ ነበር። ጊዜው የደረሰ ሲመስላት እጇ እንደ ልማዱ ሄደ፤ ከማማሰያው ጫፍ በጣቷ ጠረግ አድርጋ፣ እፍ ብላ፣ ወደ አፏ አነሳችው። ከንፈሯ ላይ ሲደርስ ቆመ። ቶፋጀል ማሰሮ እንደታቀፈ ፊቱን አዞረ።

ጆሪና ጣቷን ለትንሽ ጊዜ አየችው። በጣም አማራት። ከዚያ እጇን ዘርግታ ምራቷን አጎረሰቻት።

«ንገሪኝ።»

«ይጣፍጣል፣ እማዬ።»

«መጣፈጡንማ ላሟም ታውቃለች! እንዴት ነው የሚለው? ምንም ሳታስቀሪ ንገሪኝ።»

ሸፋሊ ዓይኗን ጨፈነች። «መጀመሪያ ይሞቃል» አለች። «ከዚያ... እንዴት እንደምለው እንጃ፣ እማዬ። ቤታችን የሄድኩ መሰለኝ። እናቴ ጋ።»

ጆሪና በሳሪዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«ደርሷል» አለች። «አውርጂው።»