አረንጓዴው የሚያበቃበት መስመር

የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ አሶሳን ሲመታ የሚነሳው የእርጥብ ጭቃ ሽታ አፍንጫዬ በደረሰ ቁጥር አንድ እውነት ትዝ ይለኛል፤ ከአሶሳ እስከ ሆሞሻ ስለ ግድግዳ የእኔን ያህል የሚያውቅ ሰው አልተፈጠረም። እውቀቴ ግን በምላስ የመጣ ነው። ልጅ ሳለሁ ሰኔ ገብቶ የቤታችን ጭቃ እርጥበት መሳብ ሲጀምር፣ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ በጥፍሬ እየፋቅሁ እበላው ነበር፤ በሦስት ክረምት ግማሽ ቤት ሳልጨርስ አልቀረሁም።

አንድ ዓመት መስከረም ሲጠባ ቤታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለም ሊቀባ ሆነ። ከጎጃም ተመድቦ የመጣው መምህሩ አባቴ «ነጭ ይሁን፣ ቤት ብርሃን ይፈልጋል» ሲል፣ እናቴ «የልጆችህን እጅ አይተኸዋል? የሚያዋጣን ጥቁር አረንጓዴ ነው!» እያለች ሳምንት ሙሉ ተሟገቱ። የሆሞሻው ቀለም ቀቢ አቶ ሐሚድ ሁለቱንም ጎን ለጎን ቀብቶ ሊያሳያቸው መጥቶ አልጋዬን ሳብ ቢያደርገው፣ ትራሴ አጠገብ ድመት የሚያስተኛ ጉድጓድ ብቅ አለ።

አባቴ ክው ብሎ «ምስጥ! በሉ ቀለሙ ይቅር፣ ግድግዳው ይፍረስ» አለ። ያን ቀለም ስትመኝ ዓመታት የቆየችው እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ አንገቷን ደፋች። አንጀቴን በላችው፤ ቢሆንም ዱላ ፈርቼ ወደ በሩ ፈቀቅ አልኩ።

ሐሚድ ጉድጓዱን በጣቱ ዳስሶ፣ ዞር ብሎ ጥፍሮቼን አየና፣ «መምህር፣ ወላሂ ይሄ ምስጥ አማርኛ ይናገራል!» አለ።

አባቴ ወደ ቀበቶው እጁን ሲሰድ እናቴ በሳቅ ፈረሰች፤ እሱም ሳቋ ተጋባበት። ሐሚድ ጉድጓዱን በጭቃ ደፍኖ፣ እኔን ግድግዳው ሥር አቁሞ «ምላስ አውጣ» ካለኝ በኋላ፣ ምላሴ የደረሰበት ላይ በከሰል መስመር አሰመረ። «ከዚህ በታች እናት የፈለገችው፣ ከዚህ በላይ አባት የፈለገው።»

«ልጁ ሲያድግስ?» አለ አባቴ።

«ሲያድግማ ይተዋል!» አለች እናቴ።

በጋውን ሙሉ እንግዳ በመጣ ቁጥር አረንጓዴው የሚያበቃበትን መስመር እያሳየች ታስቅብኝ ነበር።

ዛሬ ቤቴ ብሎኬት ነው። እነሱ ሳምንት የተሟገቱበትን ነገር እኔና ባለቤቴ በአንድ ደቂቃ እንጨርሰዋለን፤ እሷ ትመርጣለች፣ እኔ እስማማለሁ። ጓሮ ያለችው የጭቃ ማድቤት ብቻ እንዳትቀባ ሙጭጭ ብዬ አስቀርቻለሁ። ባለፈው ሰኔ ባለቤቴ ከማድቤቱ በር ጀርባ ጉድጓድ አግኝታ የምስጥ መድኃኒት ይዛ መጣች። እውነቱን አልደበቅኋትም። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አሁንም ግድግዳ እበላለሁ።