ቀዩን መብራት ማን ይንገራቸው

ምላሴን የሚያውቅ ሁሉ ይፈራኛል። ሥራ ቦታ አለቃዬን፣ ሊፍቱ በተበላሸ ቁጥር ደግሞ የሕንፃችንን ማናጀር ፊት ለፊት የምናገር ሴት ነኝ። ባሌ ነፍሱን ይማረውና «አንቺ ሴትዮ፣ ስትሞቺ እንኳ ገናዡን ትሰድቢዋለሽ» ይለኝ ነበር። እውነት የማልናገራቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ጋሼ ናቸው።

ጋሼ የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። ስፖንሰር አድርገው ቶሮንቶ ያመጡኝ እሳቸው፣ ኤርፖርት ካፖርት ይዘው የተቀበሉኝ እሳቸው፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ ሰፈር እሳቸው ባሉበት ሕንፃ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ ቤት የፈለጉልኝም እሳቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ታክሲ ነድተዋል። ጡረታ ወጥተውም መንዳት አልተዉም። ሐኪም ቤት የሚሄድ፣ ከአገር ቤት እንግዳ የሚመጣበት፣ ፍራሽ ገዝቶ የሚያመጣበት ያጣ ሁሉ የሚደውለው ለእሳቸው ነው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ደግሞ ከሰው እኩል የምታቆማቸው ያቺ ግራጫ ኮሮላ ብቻ ነበረች። «መኪናዬን የቀሙኝ ዕለት ቅበሩኝ» ይሉ ነበር። ሰው ይስቃል፤ እሳቸው ግን አይስቁም።

እሑድ እሑድ አራት ሆነን ቤተክርስቲያን እንሄዳለን። ጋሼ ይነዳሉ፤ እኔ ከጎናቸው እቀመጣለሁ፤ ከኋላ ጎረቤታችን እማማና ታናሽ እህታቸው ይቀመጣሉ። ሁለቱም ባልቴቶች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ከሕንፃው በር እስከ ቅጽሩ በር ወሬ አያቋርጡም።

የጋሼ ዓይን መድከሙን ያወቅኩት ፓርኪንግ ውስጥ ነው። መኪናዋ የቆመችበትን ለማግኘት የሌላውን ሰው መኪና ኮፈን በእጃቸው እየዳሰሱ ሲቆጥሩ አየኋቸው። ፊት ለፊት ያለውን ያያሉ። በቱቦ ውስጥ እንደሚያይ ሰው ግን ከጎንም ከላይም የሚመጣው ያመልጣቸዋል። የትራፊክ መብራት ደግሞ ከላይ ነው የሚሰቀለው።

እኔ ብቻ አልነበርኩም ያወቅኩት። እማማም አውቀዋል፣ እህታቸውም አውቀዋል። ግን ማን ይናገር? እንዴት ተብሎ! ሃያ ስድስት ዓመት ሰው ያደረሱትን ሰውዬ «ጋሼ፣ አይታይዎትም» የሚል አፍ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ሳንመካከር አንድ ዘዴ አበጀን። ወደ መብራት ስንቃረብ እማማ ከኋላ «ውይ፣ ይሄ መብራት ደግሞ እኛ ስንደርስ ነው የሚቀላው!» ይላሉ። እህታቸው «ያቺ የልጅ ጋሪ የምትገፋ ታሳዝናለች፤ በዚህ ብርድ ልትሻገር ነው» ይላሉ። እኔም ከጎን «እዩት ይሄን አውቶቡስ፣ ሰው ያለ አይመስለውም እኮ፣ ወጣ!» እላለሁ። ጋሼ ፍሬን ይይዙና ሁልጊዜ አንድ መልስ ይሰጣሉ፦ «አይቼዋለሁ!»

አላዩትም። እኛም እናውቃለን፣ እሳቸውም እንደምናውቅ ያውቃሉ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ በወሬ እየነዳን ቤተክርስቲያን ተመላለስን። አንዳንዴ እንደውም ደስ ይለን ነበር፤ መኪናው ውስጥ ጨዋታ ደራ። ነውሩን በጨዋታ ሸፈንነው፣ አበስኩ ገበርኩ።

ልጄ በዚያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ትማር ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ ስልኳን አውጥታ ለጋሼ ቪዲዮ አሳየቻቸው። መሪውን የሚይዝ ሰው የሌለበት መኪና ነው። መሪው ብቻውን ይዞራል፣ ሰውዬው እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ጋሼ አማተቡ። «ማን ነው የሚነዳው፣ ሰይጣን ነው?» አሉ። ቀጥለው ተቆጡ። «ታክሲ ነጂውስ ምን ይብላ? በስልክ የሚጠራው መኪና ጓደኞቼን ቤት አስቀመጣቸው፤ አሁን ደግሞ ጭራሽ ሰው አያስፈልግም ሊሉ ነው?»

ቪዲዮው ሲያልቅ ግን ድገሚው አሏት። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው እንደገና አዩት። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ።

«ዓይን አለው?»

«ዙሪያውን ሁሉ ዓይን ነው፣ ጋሼ። ካሜራ ምናምን» አለች ልጄ።

«ካየስ ይቆማል? አይቶ ዝም አይልም?»

ልጄ ሳቀች። «ለምን ዝም ይላል? ማሽን እኮ ነው። ካየ አየ ነው።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«ኣይ ዶንት ኖው። ላይክ፣ ፋይቭ ይርስ?»

ልጅ ናት፤ አፏ ላይ የመጣላትን ነው ያለችው። ጋሼ ግን አምስት ዓመቱን እንደ ሐኪም ቀጠሮ ያዙት። ከዚያ ወዲህ ባገኟት ቁጥር «ምን ደረሰ ያ መኪና?» ነው ሰላምታቸው።

የሐኪሙ ቀጠሮ ግን ሌላ ነበር። የቤተሰብ ሐኪማቸው ዓይናቸውን ተጠራጥሮ ወደ ስፔሻሊስት ልኳቸዋል፤ የቀጠሮው ወረቀት በፖስታ መጣ። ጋሼ ወረቀቱን ለእኔ ሰጡኝ። ስልክ ላይ ለዚህ አንድን ተጫን፣ ለዚያ ሁለትን ተጫን ሲባሉ ስለሚናደዱ እንዲህ ያለውን ጉዳይ የምጨርስላቸው እኔ ነኝ።

«ኮል አድርጊና ካንስል አድርጊው» አሉኝ።

«ለምን፣ ጋሼ?»

«ካየኝ ይጽፍብኛል። ሕጉ ነው፤ ሐኪም ያየውን ለመንጃ ፈቃድ ቢሮ ይጽፋል። ከወሰዱብኝ በኋላ ያ መኪና ሲመጣ ያለ መንጃ ፈቃድ ማን ይሸጥልኛል? በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ እንደገና አይሰጡኝም። እስኪመጣ ብቻ ነው ልቆይበት የፈለግሁት።»

ሞኝነት ነው እንዳትሉ። አስበውበታል። ዓይን ባይኖራቸውም የሚያደርሳቸው መኪና ሊመጣ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ወረቀታቸውን ማቆየት አለባቸው። ሌላው ቀርቶ መኪናው ሲመጣ ማን ማን ከኋላ እንደሚቀመጥ ሳይቀር አስበው ጨርሰዋል። «እናንተ ቦታችሁ አይነካም፤ እኔ ብቻ መሪውን እለቃለሁ» ይሉን ነበር።

ደወልኩና ጉንፋን ይዟቸዋል አልኩ። ሌላ ቀጠሮ ተሰጠ። በሁለተኛው አገር ቤት ሄደዋል አልኩ። ሦስተኛው በዓርብ ቀን ነበር፤ ያን ዕለትም ጠዋት ደውዬ ዋሸሁ። አለቃዋን የማትፈራዋ ሴት፣ ማናጀሩን ቁልቁል የምታወርደው ሴት፣ ለዚህ ላበቋት ሰው አንዲት ቃል አጣሁ። እናቴ «ዝም አይነቅዝም» ትል ነበር። እኔ ግን ዝምታዬ ሆዴ ውስጥ ሲነቅዝ ይሰማኝ ነበር።

መናገር ሲያቅተኝ አኮረፍኩ። እሑድ መኪና ውስጥ ስገባ ሰላምታዬን ባጭሩ አደረግሁና ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ስንሄድ ባልቴቶቹ እንደ ልማዳቸው መብራቱንም እግረኛውንም እየነገሩ አደረሱን።

የዚያን ዕለት ሁለቱ እህትማማቾች ቆረቡ። የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እማማና እህታቸው ዱሮ እንዳደጉበት ናቸው፤ በተቀበሉበት አፍ ቤታቸው እስኪደርሱ ቃል አይወጣቸውም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሸፍነው፣ ዓይናቸውን መሬት ጥለው መጡና ከኋላ ገቡ። ጋሼ «እንኳን ለዚህ አበቃችሁ» አሏቸው። ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ።

ተነሣን። ፀሐይ ነበር፣ በረዶው እየቀለጠ ነበር፣ መኪናው ውስጥ ግን ኮሽ የሚል የለም። ጋሼ ቀስ ብለው ይነዳሉ። ሁለቱን መብራት በሰላም አለፍን፤ ፊታችን የነበረው መኪና ሲቆም አይተው ነው የቆሙት።

«ዛሬስ ጸጥ አላችሁ» አሉ።

ባልቴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አጠበቁ።

«አንቺስ?» አሉኝ። በድምፃቸው ውስጥ ልመና ነበረ። ሰምቼዋለሁ። ጋሼ ሰው ለምነው አያውቁም።

ዞር አላልኩም።

ከዚያ ወደ ትልቁ መስቀለኛ መንገድ ደረስን። ከፊታችን መኪና አልነበረም። ቀይ መብራቱን ከሩቅ አየሁት። አሁንም አየዋለሁ። በሆዴ «ይጠይቁኝ» አልኩ። «አንዴ ብቻ ‘ምን ሆነ?’ ይበሉኝ። አይታየኝም ይበሉኝ። ያን ጊዜ እነግራቸዋለሁ፣ ሰኞም እጃቸውን ይዤ ሐኪም ቤት እወስዳቸዋለሁ።» እልህ ነው። በእልህ ቆጠርኩ፣ አንድ፣ ሁለት። ከኋላ እማማ በነጠላቸው ውስጥ «እም! እም!» ሲሉ ሰማሁ። «ጋሼ!» ብዬ የጮህኩት መኪናዋ መስመሩን ካለፈች በኋላ ነው።

ከቀኝ የመጣ ቫን የኋላውን በር መታው። እማማ የተቀመጡበትን።

እማማ ዳሌያቸው ተሰበረ። አልሞቱም፤ ግን ከዚያ ቀን በኋላ በእግራቸው አልቆሙም። ሁለት ጊዜ ኦፕራሲዮን ተደረጉ፤ በኋላ የአረጋውያን ቤት ገቡ፤ ቅዳሴ የሚሰሙት ከስልክ ነው። እኔን ባዩ ቁጥር ስለዚያ ቀን አንድ ነገር ብቻ ይላሉ፦ «ቁርባኔን ይዤ ነው የተመታሁት፤ እኔስ አላዝንም።» እኔ ነኝ የማዝነው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋሼ መንጃ ፈቃዳቸውን አስረከቡ። በግድ ወደ ዓይን ሐኪሙ ሄድን። ሐኪሙ ለረጅም ጊዜ አየ፤ ከዚያ ወንበሩን አስጠግቶ በቀስታ ተናገረ። በሽታው ግላኮማ ነው። ጠብታ አለው። የጠፋውን አይመልስም፤ የቀረውን ግን ያቆየዋል። መጀመሪያ በተቀጠሩ ጊዜ ቢመጡ ኖሮ ብዙ የሚቆይ ነበር፤ አሁን አንደኛው ዓይን አልቋል፣ ሌላኛውም መንገድ ላይ ነው። ኮምፒውተሩን አየና «ሦስቴ ተሰርዟል» አለ። ማን እንደሰረዘው አልጠየቀም። ጋሼ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዳሩን በጣታቸው ሲያዞሩት ነበር። ፈቃዱን ለማቆየት ብለው ዓይናቸውን ሰጡ፤ በመጨረሻ ሁለቱንም አጡ። ሰራዡ ደግሞ የእኔ አፍ ነው።

አምስት ዓመቱ ሞላ። ልጄ ተመርቃ ሥራ ያዘች። አንድ ቀን ጋሼ እንደ ልማዳቸው ስለ መኪናው ጠየቋት። እዚህም እዚያም ሙከራ ላይ ነው፣ በረዶ ያስቸግረዋል፣ መስመሩ ሲሸፈንበት ይደናገራል አለቻቸው። «ታዲያ መቼ ነው?» አሏት። አሰበችና «ፋይቭ ይርስ» አለች። ጋሼ ሳቁ። ያን ዓይነት ሳቅ መስማት አልወድም።

እኔ ስለዚያ መኪና ሳስብ ጥሩነቱ የሚታየኝ እነሱ በሚያወሩለት ነገር አይደለም። ፍጥነቱም፣ ሰው ውስጡ ተቀምጦ እያነበበ መሄዱም ምኔ ነው። ያ ማሽን ይሉኝታ የለውም። አያኮርፍም። አይቶ፣ ልበ ደንዳና ሆኖ፣ እስኪለምኑት አይጠብቅም። ጋሼ ያን ዕለት ምሳ ላይ የጠየቁት ትክክለኛውን ጥያቄ ነበር፤ ልጄ ሳቀች እንጂ።

እኔም በሃምሳ ዓመቴ ተምሬ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። አሁን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሼን ይዤ እማማን ልንጠይቅ እንሄዳለን። ጋሼ ከጎኔ፣ እኔ በነበርኩበት ወንበር ይቀመጣሉ። አሁን ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የሚለዩት። መኪናው በቆመ ቁጥር «ምን ሆነ?» ይላሉ። «ቀይ ነው፣ ጋሼ» እላለሁ። «አይቼዋለሁ» ይላሉ። ይሄ ቀልዳችን ነው። ያን ጊዜ አንዴ «ምን ሆነ?» ቢሉኝ ኖሮ እያልኩ እቃጠላለሁ። ደግሞ መልሼ፣ ምን ያድርጉ፣ «አንቺስ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር እኮ እላለሁ።

ባለፈው ክረምት፣ አንድ እሑድ፣ ያ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቀይ ያዘን። እኔ ቦታውን አልነገርኳቸውም። እሳቸው ግን የከተማውን መንገድ በመታጠፊያው ነው የሚያውቁት።

«እዚህ ነው አይደል?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ዕለት መብራቱን አይተሽው ነበር?»

ምላሴን የሚያውቅ ሁሉ የሚፈራኝ ሴት ነኝ።

«አላየሁም» አልኩ። «በጎን መስኮት ነበር የማየው።»

ጋሼ ረጅም ትንፋሽ አወጡ። ትከሻቸው ሲወርድ አየሁት። «ተመስገን» አሉ። «ዕውርነቱ ምንም አይደል፣ ለመድኩት። አይታ ዝም አለችኝ የሚለው ነው ሲገድለኝ የኖረው። አታደርገውም፣ የእኔ ልጅ አታደርገውም እያልኩ።» እጃቸው በአየር ላይ ፈልጎ ፈልጎ ትከሻዬን አገኘና መታ መታ አደረገኝ።

ከኋላችን ያለው መኪና ክላክስ አደረገ።

«አረንጓዴ ነው፣ ጋሼ» አልኩ።

«እንግዲያው ንጂ» አሉኝ።