ከሞጣ የሚመጣው ቢላዋ

ይርጋነሽ ቢቸና ገበያ ላይ ቢላዋ ስትሸጥ ከጎኗ በርበሬ የምሸጠው እኔ ነኝ። ሰው የሚያብረቀርቀውን የፋብሪካ ቢላዋ ሲሻማ ቁጭ ብላ ታያለች። ወደ እሷ የመጣውን ግን እንዲሁ አትሸኘውም። መጀመሪያ «ለምን ሥራ ነው?» ትላለች። ለእርድና ለቆዳ ከሆነ ሆዱ ጎበጥ ያለውን፣ እንጨት ለሚፈልጥና አጥር ለሚያጥር ደግሞ ጀርባው ወፍራሙን ታቀርባለች። ከዚያ እጀታውን ገልብጣ ብረቱ እስከ ጫፉ መዝለቁን ታሳያለች። ሌላ ቦታ የገዛውን ይዞ ለሚያማክራት ሰው እንኳ «ይሄ ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ አንድ ቀን እጅዎን ይበላዋል» ትላለች።

ዋናው ደንበኛዋ ጋሼ ፈረደ ነበር። በሬ ነጋዴ ነው፤ ለሠርግም ለተዝካርም አርዶ የሚገፍፈው እሱ ነው። «የይርጋነሽን ቢላዋ ታጥቄ ዓባይ በረሃ ብቻዬን ባድር አልፈራም» እያለ ገበያውን ያደነቁረዋል። ከየት እንደምታመጣው ሲጠይቃት «ከሞጣ» ትለዋለች፤ እውነቷን ነው። ማን እንደሚሠራው ግን ጠይቋት አያውቅም። እሷም ሳትጠየቅ አትናገርም። ነግዳ የምታመጣው ነው የሚመስለው። በኛ አገር ብረት ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል እየተባለ ሕፃን ይሸሸግበታል። ስልክ በኪሱ ይዞ የሚዞር ሰው ዛሬም ይሄን ያምናል። እኔን ያንገበግበኛል።

የፈረደ ልጅ ባንተአምላክ የአባቱን ቢላዋ ሊያስሞርድ እየመጣ ከይርጋነሽ ልጅ ከስርጉት ጋር ተዋደደ። ስርጉት ሞጣ መድኃኒት ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ በገበያ ቀን እናቷን ልታግዝ ትመጣለች። ፈረደ ነገሩን ሲሰማ ደስ አለው። ሽማግሌ የሚልክበትን ቀን ቆረጠ። ከዚያ በፊት ግን ለሠርጉ በሬ በእጁ ልክ የተሠራ ቢላዋ አማረው፤ እጁን አስለክቶ አዘዘና ሞጣ ሄጄ ራሴ ካልተቀበልኩ ብሎ ድርቅ አለ።

«እኔ አመጣልዎት የለም እንዴ? ምን አደከመዎት?» አለችው ይርጋነሽ።

«ሠሪውን በዓይኔ ማየት አለብኝ።»

ማታ ዕቃችንን ስንሰበስብ ወደ እኔ ዞራ «አንቺ ቤቴን ታውቂዋለሽ፤ አምጪው» አለችኝ። «ልጄ ከገባች በኋላ ከሚያዋርዷት አሁኑኑ ይየው።»

አመጣሁት። ሞጣ ስንደርስ ባሏ፣ ይታያል የሚባለው፣ ጓሮው ውስጥ ወናፉን እያናፋ፣ ደጀን ከተማ ላይ ከጭነት መኪና የወለቀ ባሌስትራ ፍሙ ውስጥ አግሎ ነበር። ስርጉት የዕረፍት ቀኗ ስለነበር ሞረድ ይዛ አጠገቡ ተቀምጣለች። ፈረደ ወናፉን አየ፣ መዶሻውን አየ፣ ልጅቷን አየና ከበሩ ላይ ቀረ።

«ይግቡ እንጂ፣ ቤት ለእንግዳ!» አለች ይርጋነሽ።

«ቸኩያለሁ።»

ይታያል እጁን ጠራርጎ ቢላዋውን እስከ በሩ ድረስ አመጣለት። ፈረደ በጥፍሩ መታ አድርጎ ድምፁን ሰማ። ከአጥሩ አንድ እንጨት መዞ ላጠ። ፊቱ ሳይወድ በግዱ በራ።

«እንዲህ ያለ ብረት በዕድሜዬ ይዤ አላውቅም» አለ። ቀጠለና «የልጆቹን ነገር ግን ተዉት። እኔ ሰው አልጠላም፤ የአጥንት ነገር ነው» አለ።

አላስቻለኝም። «አጥንት ለመስበርማ የነሱን እጅ መርጠሃል!» አልኩት። ጋሼ ማለቱን እዚያው ተውኩት። ይርጋነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ቤት ገባች።

«ባንተአምላክ ያውቃል» አለች ስርጉት። «ገና ስንተዋወቅ ነው የነገርኩት።»

«ባንተአምላክ የኔ ልጅ ነው። ያልኩትን ይሰማል።»

እንዳለውም ሆነ፤ ልጁ ከዚያ ወዲያ አልደወለላትም። ፈሪ! አባቱን ከመጥላቴ ይልቅ እሱን የጠላሁት ይበልጣል።

ያን ዕለት ፈረደ ተናግሮ እንደጨረሰ፣ ይታያል ቢላዋውን መልሶ ሊቀበል እጁን ዘረጋ። ፈረደ ግን አፎቱ ውስጥ ከተተው።

«ይሄንንማ እወስደዋለሁ» አለ።

ስርጉት ተነስታ ፊቱ ቆመች። «ስለቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አለችው።

ፈረደ ቢላዋውን ወገቡ ላይ እያሰረ፣ ከልማድ ይሁን ከምን እንጃ፣ «እጅሽ ይባረክ» ብሏት ሄደ።