ለሁለት የተከፈለው እድር

ከደሴ የወጣሁበት ምሽት የምርጫው ጠብ ጎረቤቱን ሁሉ ያኳረፈበት ሰሞን ነበር። አባባ እስከ መኪናው ሸኙኝና አንድ ነገር ብቻ አደራ አሉኝ፦ "ልጄ፣ እዚያም እድር ግባ። እኔ ስሞት ሰው ቤትህ ድረስ መጥቶ ያርዳህ እንጂ በስልክ እንዳትሰማ።"

ሲያትል ስገባ ሁሉ ነገር ባዕድ ሆነብኝ። ዝናቡ እንኳ እንደ ደሴው ዘንቦ አይወጣለትም፣ ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ ይውላል። እድሩ ግን ያው የማውቀው እድር ነበር። ሀገር ቤት ዘመድ የሞተበት ሰው ካለ ሽማግሌዎቹ ተጠራርተው ገና ሳይነጋ በሩን ያንኳኩለታል። ለዚያ ስል እዚያው አቅራቢያ ታኮማ ወደብ ያለውን ሥራዬን እንደጨረስኩ በቀጥታ ወደ ስብሰባው እሮጥ ነበር።

ከዚያ ደምሰው የሚባል አንደበተ ርቱዕ ባለታክሲ ተነሳ። "እኔ የእናንተ ድምፅ ነኝ፤ እነዚህ የሬድመንድ ኮምፒውተር ኩባንያ ምሁራን ንቀዋችኋል" ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሊቀመንበር በሆነ ማግስት ያልደገፈውን ሁሉ የሕዝብ ጠላት ይለው ጀመር። ምሁራኑም አልተሻሉም፤ የመረጠው መሃይም ስለሆነ ምርጫው አይቆጠርም ብለው የአዳራሹን ቁልፍ ቀየሩ። በሩ ላይ ስንጨቃጨቅ አሜሪካዊው የአዳራሹ ባለቤት ደረሰ።

"ሶ፣ ሁለታችሁም ሕዝቡ እኛ ነን ትላላችሁ" አለ። "ኦኬ፣ ቁልፉን ለየትኛው ሕዝብ ልስጥ?"

እድሩ ለሁለት ተከፈለ። ሁለቱም ወገን በእኛ መዝገብ ፈርም አሉኝ። ከደሴ የወጣሁት ይህንኑ ሸሽቼ ነበርና ለማናቸውም አልፈረምኩም። ተስፋ ቆርጬ ቤቴ ገባሁ።

ባለፈው እሑድ ጠዋት እንደ ልማዴ ቤት ደወልኩ። እህቴ አልማዝ አነሳች። አባባን አገናኚኝ አልኳት።

"አልመጡም እንዴ?" አለችኝ።

"እነማን?"

"እድርተኞቹ ናቸዋ። ለወርቁ እኮ ገና ሳይቀበሩ ነግሬዋለሁ።"

ወርቁ እዚሁ ሲያትል ያለ አብሮ አደጋችን ነው። ኋላ እንደነገረኝ፣ መርዶ ለብቻ ስለማይነገር የደምሰውን ሰዎች አብራችሁኝ ሂዱ ብሎ ለምኗቸው ነበር፤ እሱ የእኛ አይደለም፣ ምሁራኑ ያርዱት አሉት። ምሁራኑ ደግሞ ወደ ደምሰው መለሱት። እነሱ እንዲህ ሲገፋፉ አባቴ ተቀበሩ፤ እኔ ምንም ሳላውቅ ሥራ ውዬ እየገባሁ፣ እየበላሁ፣ እየሳቅሁ ሰነበትኩ።

አልማዝ ስልኩ ላይ እያለቀሰች፣ "አጠገብህ ሰው አለ?" አለችኝ።

ማንም ያላንኳኳውን በሬን አየሁት።

"አዎ" አልኳት። "እየመጡ ነው።"