ያልፈነዳውም ይቆጠራል

ዝምተኛዋ ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሯን ከመክፈቷ በፊት የሹራቧን እጅጌ ወደ መዳፏ ስባ የስክሪኑን መስታወት ትወለውላለች። የአቧራ ቅንጣት አዲስ ኮከብ መስላ እንዳታሞኛት ነው። የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ናት፤ ቅጽል ስሙን ያወጡላት ባልደረቦቿ ናቸው። ሥራዋ የጋላክሲዎችን፣ የእነዚያን የከዋክብት መንደሮች፣ አዲስ ፎቶ ከቀድሞው ጋር እያስተያየች የፈነዳ ኮከብ መፈለግ ነው። ሱፐርኖቫ ይሉታል።

«ዛሬስ ምን አገኘሽ?» ትላታለች እናቷ፣ ከሥራ ስትገባ።

«ምንም።»

«ምንም ለማየት ደመወዝ የሚከፍል መሥሪያ ቤት! እኔንም አስቀጥሪኝ እንጂ። በዚህ ዓይኔ ምንም በማየት ማን ይቀድመኛል?»

«ቆይ እማዬ። ልጅ መወለድ ባቆመበት ሰፈር ለቅሶ ከተሰማ ሟቹ ማን ነው?»

«ሽማግሌ ነዋ!»

«አዲስ ኮከብ በማይወለድበት ጋላክሲም የሚፈነዳው አሮጌ ነው። ግን ለቅሶ ያልተሰማበትን ቤት ካልቆጠርኩ፣ ሞት የት እንደሚበዛ በምን አውቃለሁ?»

አለቃዋ፣ ያስተማሯት ፕሮፌሰር፣ ጥናቱ ቶሎ እንዲወጣ ቸኩለው ነበር። «ፍንዳታ ያልታየባቸውን ጣያቸው፤ ሥራ ከማብዛት በቀር ምን ይፈይዳሉ?» አሏት። ከጸጥተኞቹ ጋላክሲዎች የሚበዙት ግን አዲስ ኮከብ የማይወለድባቸው አሮጌዎቹ ናቸው። እነሱ ከተጣሉ አሮጌውም ወጣቱም እኩል የሚያፈነዳ ይመስላል፤ ስሟም በዚያ ስሕተት ላይ ሊሰፍር ነው። እምቢ ካለች ደግሞ ከቡድኑ መውጣት አለ።

ስብሰባው ላይ ተነሥታ ቆመች።

«አይሆንም» አለች፤ ድምጿ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰማ። «ጸጥተኞቹ ሲቆጠሩ ወጣቶቹ ጋላክሲዎች በብዛት፣ አሮጌዎቹ በጥቂቱ እንደሚያፈነዱ ይታያል። ስለዚህ የሚፈነዳው ኮከብ አንድ ዓይነት አይደለም። ገና በጠዋቱ የሚቀጭ ግዙፍ አለ፤ ነዶ ካለቀ በኋላም ዘመናት ቆይቶ የሚፈነዳ አለ። ጸጥተኞቹ ከተጣሉ ግን ስሜ ከጥናቱ ይፋቅ።»

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ያቀረበችላቸውን ቁጥሮች ዝቅ ብለው አዩ።

«አንቺ ልጅ፣ አፍ አውጥተሻል ለካ!» ብለው ሳቁ። «ይቆጠሩ።»

ዝምተኛዋ ከዚህ ታሪክ ሌላው ሁሉ ይጻፍ ብላለች፤ አንዲት ነገር ብቻ እንድትቀር ለምናለች። ከስብሰባው በፊት መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ በሩን ቆልፋ፣ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ «አይሆንም... አይሆንም» እያለች ስትለማመድ፣ ከጎን ካለው በር ጀርባ የፕሮፌሰሩ ጸሐፊ ሰምታት ኖሯል።

«ኧረ ጎላ አድርጊው፣ እህቴ! በዚህ ድምፅሽ እንኳን እሳቸው እኔም አልፈራሁሽ።»