የኮልፋክሱ ሎጅና የሐጂ ጀማል ጥርጣሬ

ባለፈው እሁድ ከሰዓት በኋላ እዚህ አሜሪካ፣ ኢስት ኮልፋክስ የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ፣ አውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ መኪናዬን አቁሜ ማዶ ያለውን ሕንፃ እያየሁ ተቀምጬ ነበር። ለምን እንደቆምኩ ኋላ እደርስበታለሁ። ሕንፃው ባለ አንድ ፎቅ፣ ቀይ ጡብ ነው። የላይኛው መስኮቶቹ ከድሮ ጀምሮ በግንብ የተደፈኑ ናቸው። አሁን የፕሮቴስታንት አማኝ ወገኖቻችን ተከራይተውት በአማርኛ የተጻፈ የቤተ ክርስቲያን ባነር ከበሩ በላይ ሰቅለዋል። ነፋስ የባነሩን ጫፍ ገለጥ ባደረገው ቁጥር ግን ድንጋዩ ላይ የተቀረጹት ኮምፓስና የግንበኛ ስኳድራ ከስር ብቅ ይላሉ። እዚያ ምልክት ሥር መግባት መውጣቴ በወጣትነቴ ሚስት ሊያሳጣኝ ነበር።

ነገሩ የሆነው በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ኦሮራ ከተማ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ዳር ነስሩ ከሚባል የሰፈሬ ልጅ ጋር አንድ አፓርታማ ተጋርተን እየኖርን እኔ ታክሲ እነዳ ነበር። ሚስተር ዋልተር የሚባሉ አሜሪካዊ ሽማግሌ ደንበኛ ነበሩኝ። ዓይናቸው ስለደከመ መንዳት ትተው ነበርና ማክሰኞ ማክሰኞ አመሻሹ ላይ ከቤታቸው ወስጄ እዚህ ሕንፃ አደርሳቸዋለሁ። ሕንፃው ፍሪሜሰን የሚባሉት የምስጢር ማኅበርተኞች መሰብሰቢያ፣ እነሱ ሎጅ የሚሉት ነበር። ሰውዬው ጠፍጣፋ ጥቁር የቆዳ ቦርሳ ከእጃቸው አይለይም። መቼም ሽማግሌ ዕቃ ተሸክሞ ወጣት ባዶ እጁን ሲከተል የእኛ ሰው ዓይን አይችለውም። ቦርሳውን ተቀብዬ፣ ክንዳቸውን ደግፌ እስከ ውስጥ እገባ ነበር። ጨዋነቴ ጉድ እንደሚሠራኝ በምን አውቄ!

ከስብሰባ በፊት እራት ይበላሉ። ኮሪደሩ የወለል ሰምና የተቀቀለ ፎሶሊያ ይሸታል። መጀመሪያ ቀን የአሳማ ሥጋ ቢያቀርቡልኝ አልበላም አልኩ። ከዚያ በኋላ ሚስተር ዋልተር የፖም ኬክ እያስቀመጡልኝ፣ ግድግዳው ላይ በተደረደሩት የድሮ መሪዎች ፎቶዎች ፊት እየመሩኝ የሎጁን ታሪክ ያጫውቱኝ ጀመር። ይሄ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ያ ባቡር ላይ ይሠራ ነበር። ኮልፋክስ ገና አቧራ መንገድ ሳለ፣ ይሄ ሕንፃ ሳይሠራ፣ ከአንድ የእህል ሱቅ በላይ ባለች ክፍል ይሰበሰቡ ነበር። አንድ ቀን ግን ፎቶዎቹን ጨርሰው ግድግዳው ባዶ የሆነበት ቦታ ላይ ቆሙ።

«አባቴ እዚህ መሆን ነበረበት» አሉኝ።

አባል መሆን የሚፈልግ ሰው ራሱ ይጠይቃል። ሦስት ሰዎች ቤቱ ሄደው ጠባዩን ያጣራሉ። ከዚያ እያንዳንዱ አባል የልጅነት ብያችንን ከመሰሉ ነጭና ጥቁር ኳሶች አንዱን መርጦ፣ እጁን ሸፍኖ ሳጥን ውስጥ ይጥላል። አንዲት ጥቁር ከተገኘች ሰውየው ቀረ ማለት ነው። የሚስተር ዋልተርን አባት አንዲት ጥቁር ኳስ መለሰቻቸው። የጣላት ሰው አልታወቀም።

«ታዲያ እርስዎ ለምን ገቡ?»

«ማን እንደሆነ ለማወቅ።»

«አወቁ?»

«የዚያን ዘመን ሰዎች አንድ በአንድ ቀበርኳቸው። ሬሳ ሳጥናቸው ላይ ጎንበስ እያልኩ ‹አንተ ነበርክ?› እላቸዋለሁ። እስካሁን የመለሰልኝ የለም።»

የሚቀልዱ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። እየቀለዱ አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ሰዓዳን ወደድኩ። ኮልፋክስ ላይ ባለ የሐበሻ ግሮሰሪ ትሠራ ነበር። አባቷ ሐጂ ጀማል የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ናቸው፤ ሴት ልጃቸውን ደግሞ ከመኪናው የባሰ ይጠብቃሉ። ወግ ነውና በጋሽ ሰይድ መሪነት ሽማግሌ ላክሁ። «እናጣራ» አሉ ሐጂ። ይሄም ወግ ነው፤ ደስ ብሎኝ መጠበቅ ጀመርኩ። በረዶ ጥሎ ቀለጠ፣ እንደገና ጣለ። በመጨረሻ ጋሽ ሰይድ ቤቴ መጡና ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ጠየቁኝ።

«እውነቱን ንገረኝ ልጄ። ፍሪሜሰን ገብተሃል እንዴ?»

«ምን?»

«ቦርሳቸውን ተሸክሞ ሲገባ ታይቷል ይባላል።»

«ማነው ያየኝ?»

«ይባላል አልኩህ እኮ!»

ያኔ ፍሪሜሰን የገባ ሰው በአንድ ሌሊት ይከብራል፣ የመጀመሪያ ልጁን ግን ይገብራል ይባል ነበር። ለታክሲዬ አዲስ ጎማ ማስገባቴ ሳይቀር ማስረጃ ሆኖ ቀረበ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔም ሰው መጠርጠር ጀመርኩ። ነስሩ «ዛሬ ማክሰኞ አይደል?» ቢለኝ ምን ማለቱ ነው እላለሁ። ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ሾፌሮቹ ወሬ ካቋረጡ ስለኔ ነበር እላለሁ። ጥቁሯን ኳስ የጣለብኝ ማነው? ከነስሩ ጋር አንድ ትሪ ላይ መብላት አስጠላኝ። ሰዓዳ ስልክ ደውላ ያለ አባቷ ቃል እንደማታገባኝ ነገረችኝ። ያስ ይሁን። ስልኩን ልትዘጋ ስትል ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ውሸት ነው አይደል?» አለችኝ። እሷም! እንደዚያ ቀን ተከፍቼ አላውቅም።

አንድ ማክሰኞ ሚስተር ዋልተርን አስገብቼ ስወጣ፣ ማዶ ፌርማታው ላይ ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው የደፉ ሰው አየሁ። አስራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ መጣ፣ ቆመ፣ ሄደ። ሰውዬው አልተሳፈሩም። ሐጂ ጀማል ነበሩ። መንገዱን ተሻገርኩ።

«ሐጂ፣ ብርድ ነው። ይግቡ እንጂ።»

«እዚያ? አዑዙ ቢላህ!»

ግን ገቡ። ከንፈራቸው ዱዓ እያደረገ፣ መጸዳጃ ቤት ሲገባ እንደሚደረገው በግራ እግራቸው ገቡ። ሚስተር ዋልተር ወንበር ሳቡላቸው። ሐጂ ሰላምታም አላበዙ፣ በመኪና ማቆሚያ እንግሊዝኛቸው ቀጥ ብለው ጠየቁ።

«ይሄ ልጅ የእናንተ ነው?»

«አይደለም፤ ጠይቆን አያውቅም። ቢጠይቀን ሦስት ሰው ቤቱ ልከን እናጣራ ነበር።»

ሐጂ ቀና አሉ። «ሦስት ሰው? ምን ምን ይጠይቃሉ?»

«ይጠጣል ወይ? ቃሉን ይጠብቃል ወይ? ቤተሰቡን ያከብራል ወይ?»

እኔ ተረሳሁ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሰው እንዴት እንደሚጣራ ጨዋታ ያዙ። ሚስተር ዋልተር የኳሶቹን ሳጥን አምጥተው የአባታቸውን ነገር ነገሯቸው። ሐጂ ጥቁሯን ኳስ በጣቶቻቸው እያገላበጡ ቆዩ።

«የጣላት ሰው ምክንያቱን አይናገርም?»

«አይናገርም።»

«ነውር ነው» አሉ ሐጂ።

«ነውር ነው» አሉ ሚስተር ዋልተርም፣ ድምፃቸው ተሰብሮ።

ልቤ ሞላ። «የኔንስ ማን ጣላት ሐጂ?» አልኩ።

ኳሷን ቀስ ብለው ሳጥኑ ውስጥ መለሷት። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ልጄ» ብለው ተነሡ።

እንዲያም ሆኖ እሺ ብለው፣ ኒካሕ የታሰረልን በጸደይ ነው። ሚስተር ዋልተርም ተጠርተው መጡ። ፍሪሜሰኖች ሲጨባበጡ በአውራ ጣት ነው የሚተዋወቁት ይባል ነበርና፣ ሐጂ ከእንግዶቹ መካከል ተነሥተው መጥተው ከሰውዬው ጋር ስጨባበጥ አውራ ጣቴን ቁልቁል ሲያዩ ያዝኳቸው። ከዚያ በኋላም ልጃቸውን ሰጥተውኝ፣ የልጅ ልጅ አቅፈው፣ በየዒዱ እጄን ሲጨብጡ መጀመሪያ የሚያዩት አውራ ጣቴን ነበር። አላህ ይዘንላቸው። ጀናዛቸው ላይ ቆሜ፣ ጎንበስ ብዬ «ማን ነበር የነገርዎት?» ማለት ቃጥቶኝ ነበር።

አሁን የሰዓዳና የኔ ልጅ ሂክማ ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች። ከረመዳን በፊት ለአንድ ሙስሊም ወጣት ሽማግሌዎች መጥተው ጠየቁኝ። እኔም «እናጣራ» አልኩ። ጥቂት ቆይቶ ልጁ እሁድ እሁድ ኮልፋክስ ላይ ካለው ቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ይታያል ተባለ። ማን አለ? ይባላል። የዚህ ቃል ጉዳት ከኔ በላይ ለማን ይነገራል? ሐጂ ቢያንስ ብርዱን ችለው በእግራቸው ቆመው ነበር፤ እኔ ማሞቂያ ከፍቼ መኪና ውስጥ ተቀምጫለሁ።

በሩ ተከፈተ። ልጁ ወጣ፣ ወዲያና ወዲህ አየ፣ መኪናዬን ለይቶ መንገዱን ተሻገረና መስታወቱን ቆረቆረ።

«ጋሼ፣ አር ዩ ኦኬ? ኢትስ ኮልድ፤ ይግቡ እንጂ!»

መስታወቱን ዝቅ አደረግኩ። ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋልኝ። ከመጨበጤ በፊት አውራ ጣቱን አየሁ።