አምቦ ላይ ደህና የሆነው ፎርዊል

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ካፖው ጋሽ ማሞ በእጃቸው የሰጡኝ ዕቃ ፒንሳ ነበር። የሰጡኝ ግን እንድሠራበት ሳይሆን የሠራሁትን እንዳፈርስበት ነው። ጠዋት የአንድ አሮጌ ጂፕ ማርሚታ፣ የጭስ ማውጫው፣ ተንጠልጥሎ አየሁና፣ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ በሽቦ ጠፍሬ አሰርኩት። ጋሽ ማሞ ጎንበስ ብለው አዩት፤ ሳቅ አሉና ፒንሳውን አቀበሉኝ።

«ቁረጠው» አሉኝ። «ፋብሪካው ሽቦ ቢያስፈልገው ኖሮ ሽቦ ያደርግለት ነበር። እዚህ ኦሪጅናል እንጠግናለን እንጂ አንፈለስፍም።»

ካፖ ማለት የጋራዥ የሥራ አለቃ ነው፤ ቃሉ አይታጠፍም። ደርግ በወደቀ ማግስት ነበርና አምቦ ውስጥ ሥራ እንደ ልብ አይገኝም። ሽቦውን ቆረጥኩ። ከረዳትነት ወደ መካኒክነት እስካድግ ድረስም ያቺን ሕግ አልተላለፍኩም።

ሕጓ የተፈተነችው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በአንድ ክረምት፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፒክአፕ ነው።

ፒክአፑ ክትባት ይዞ ገጠር የሚወጣ ነበር። ሾፌሩ ኦቦ ቶላሳ ይባላሉ፤ የወንጪ አካባቢ ተወላጅ፣ ፈረስ ላይ ያደጉ፣ ጸጥ ያሉ ሽማግሌ። በዚያ ክረምት ወንጪ ዳገት ላይ ጭቃ ይዟቸው ክትባቱን ሳያደርሱ ተመለሱ። በሌላ ቀንም ሄደው እንደዚያው ሆነ። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ሲጠብቁ ውለው ባዶ እጃቸውን ገቡ።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ፒክአፑን ከነሾፌሩ ይዘው ጋራዥ መጡ። «ኦቦ ቶላሳ ፎርዊሉ አይገባም ይላሉ» አሉ ለጋሽ ማሞ። «ይዩልኝ።»

የዚያ ፒክአፕ ፎርዊል በቫኪዩም የሚሠራ ነበር። ሾፌሩ ከካምቢዮው አጠገብ ያለውን አጭር ማርሽ ሲያስገባ፣ ሞተሩ ላይ ያለች ፓምፕ በቀጭን የጎማ ቱቦ አየር ትስባለች። የቱቦው ጫፍ የፊት አክስል ላይ ከተገጠመች፣ የሻይ ብርጭቆ ከምታህል ቆርቆሮ ጋር ይገናኛል። አየሩ ሲሳብ ቆርቆሮዋ ውስጥ ያለው ስስ ጎማ አንዲት ዘንግ ይጎትታል፤ ዘንጓ ስትጎተት የፊት ጎማዎች ኃይል ያገኛሉ። ሾፌሩ እጅ ላይ የሚደርስ ስሜት የለም። ዳሽቦርዱ ላይ የምትበራው መብራትም ማርሹ መግባቱን እንጂ ዘንጓ መሳቧን አትናገርም።

ጋሽ ማሞ ሞተሩን አስነሥተው ሞከሩ። ዘንጓ ጥርት ብላ ተሳበች። ቆርቆሮዋን ፈቱና ቱቦዋን በአፋቸው ስበው በምላሳቸው ዘጉት፤ ቫኪዩም የሚይዝና የማይዝ ዕቃ የምንለየው እንደዚያ ነበር። ያዘች።

«መኪናው ደህና ነው» አሉ አፋቸውን እየጠረጉ።

ኃላፊው ወደ ሾፌሩ ዞሩ። «እንግዲህ ኦቦ ቶላሳ፣ መኪናው ደህና ከሆነ ፎርዊሉን አላስገቡም ማለት ነው። ዝናብ ሲመጣ ዳገቱን ፈርተው ከሆነ ይንገሩኝ።»

«አስገብቻለሁ» አሉ ኦቦ ቶላሳ።

«እስቲ ይማሉልኝ።»

«አልምልም።»

እኛ በየቡሎኑ የምንምል ሰዎች ነን። ጠብቋል ወይ ሲሉን በመድኃኔዓለም፣ ዘይት ቀይረሃል ወይ ሲሉን እናቴ ትሙት። ኦቦ ቶላሳ ግን ወንጌል አማኝ ናቸው፤ በሃይማኖታቸው አይማልም። «አዎን ካልኩ አዎን ነው፤ ከዚያ የሚበልጥ ቃል የለኝም» አሉ። ኃላፊው ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ ናቸውና ይህ አልገባቸውም። አለመማላቸውን እንደ ጥፋተኝነት ቆጠሩት። እውነቴን ነው፣ ከእኛም መሃል አንገቱን የነቀነቀ ነበር።

«በሚቀጥለው ጉዞ አንድ መካኒክ አብሮ ይሂድ» አሉ ኃላፊው። «እሱም መኪናው ደህና ነው ካለ፣ ኦቦ ቶላሳ ቁልፉን አስረክበው መጋዘን ይጠብቃሉ።» ጋሽ ማሞ እኔን መደቡ።

ዕድሜውን በመሪ ላይ የጨረሰን ሰው ዘበኛ የሚያደርገው የእኔ ቃል ሊሆን ነው። ያን ሳስበው እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በጉዞው ጠዋት «አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ ቶላሳ» ብዬ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አልኳቸው።

«ነጋ፣ ደህና ነኝ። ግባ በቀለ፣ የክትባቱን ሳጥን እንዳትረግጥ» አሉ።

ከአምቦ ወደ ወንጪ መንገዱ መውጣት ብቻ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ብርዱ እየጠና ሄደ። ዋናው ዳገት ሥር ስንደርስ ኦቦ ቶላሳ ፒክአፑን አቆሙ፤ እጄን ይዘው ማርሹ ላይ አኖሩትና በእኔ እጅ ፎርዊሉን አስገቡ። መብራቷ በራች። ከዚያ ዳገቱን ጀመሩት። ጥቂት እንደ ሄድን የኋላ ጎማዎቹ ጭቃውን ይረጩ ጀመር። የፊቶቹ ሥራ እንደ ፈታ ሰው ዝም አሉ። ቆምን። በፈረስ የሚያልፉ ሰዎች ሰላም ብለውን ሄዱ፤ ፈረሶቹ ጭቃውን ከጉዳይም አልቆጠሩት።

«ሞተሩን አያጥፉት» አልኩና ጭቃው ላይ በጀርባዬ ገባሁ።

ዘንጓን አየኋት። ግማሽ ድረስ ተስባ ቆማለች። ቱቦውን ዳሰስኩ፣ ቀዳዳ የለውም። ካቻቢቴ አስደግፌ በአንድ እጄ ገፋ ባደርጋት ቀጭ ብላ ገባች። ስወጣ ከጭቃው ጋር ታግዬ ቁና ቁና እተነፍስ ነበር።

ኦቦ ቶላሳ በመስኮት አዩኝ። «እዚህ ላይ አንተም አየር አነሰህ» አሉ። «እሷም የምትስበው አየር ነው።»

ቆሜ ቀረሁ። ከፍታው ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ቆርቆሮዋን የሚያሠራት ደግሞ የውጭው አየር ግፊት ነው። አምቦ ላይ የሚበቃት ኃይል እዚህ አይበቃትም። የዘንጓ ቅባትም በብርዱ ጠጥሯል። ቆርቆሮዋ አልተበላሸችም፤ እዚህ ድረስ የሚያወጣ ጉልበት ብቻ የላትም።

ፒክአፑ ዳገቱን ወጣ። እናቶቹ እየጠበቁ ነበር። ክትባቱ ተሰጠ። በዚያ ቀን ደስ ያለኝን ያህል በጋራዥ ሕይወቴ ብዙ ጊዜ ደስ አላለኝም።

ስንመለስ ኦቦ ቶላሳ ልባቸው ተከፈተ። «ያ በቀለ፣ አንተ፣ ፈረስ ስትጋልብ ልጓሙን ሌላ ሰው ይይዝልሃል?»

«አይይዝልኝም።»

«ለእኔ ግን ይህ መኪና እንደዚያ ነው። ልጓሙን እጄ ላይ አድርግልኝ። ዱጋ፣ እውነቴን ነው የምልህ፣ ሌላ አልፈልግም።»

አምቦ ገብተን ሞከርኩት። ዘንጓ እስከ መጨረሻው ተሳበች። ሳቄ መጣ።

ኃላፊው ሲመጡ ያየሁትን ነገርኳቸው። ግንባራቸውን ቋጥረው «ትምልልኛለህ?» አሉ።

በየቡሎኑ የምምለው ሰውዬ ያን ቀን መማል አስጠላኝ። «ከመማል ይልቅ አብረን እንሂድና ጭቃው ላይ ተኝተው ይዩት» አልኳቸው። የለበሱትን ሱፍ ቁልቁል አዩና ሳቁ። ከዚያ ኦቦ ቶላሳን «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ። ኦቦ ቶላሳ እጃቸውን ዘረጉላቸው።

አዲስ ቆርቆሮ ይታዘዝ ተባለ። ግን ከአዲስ አበባ በግዥ እስኪመጣ ክረምቱ ያልፋል። እኔም ፈራ ተባ እያልኩ ለጋሽ ማሞ «በገመድ ብናደርገውስ?» አልኳቸው።

«ኦሪጅናሉን ፈትተህ?» አሉ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብህ።» ከዚያ «ለመሆኑ ስትገፋት በስንት እጅህ ነው?» አሉኝ።

«በአንድ እጄ።»

ጋሽ ማሞ «በአንድ እጅ ከገባች ገመድም ይስባታል» ብለው ወደ ጓሮ ሄዱ። ከአንድ የሞተ የጭነት መኪና ላይ የሞተር ማጥፊያ ገመዱን ከነመጎተቻው ፈትተው ይዘው መጡ። ሲጎትቱት ይመጣል፤ ሲጠመዝዙት ይቆለፋል። «ቆርቆሮዋን ግን እንዳትጥላት» አሉ።

ቆርቆሮዋን ፈትተን አወጣን። ክፍት የቀረውን ቱቦ በቡሎን ደፍነን በፋሼታ፣ በቱቦ ማሰሪያ ቀለበት፣ አጠበቅነው፤ ያ ፓምፕ ለፍሬኑም ስለሚሠራ ቱቦው ከተከፈተ ፍሬኑ ይደነድናል። የገመዱን ጫፍ ከዘንጓ ጋር አሰርን። ገመዱ ሲለቀቅ ዘንጓን የሚመልስ ሞላ አደረግንላት። የገመዱ ልባስ እንዳይንቀሳቀስ በብረት አሰርነው። መጀመሪያ ገመዱን በአጭሩ አጥፌ ባሳልፈው ከበደ፤ ከማርሚታው አርቄ በሰፊው አዙሬ ሳስገባው ቀለለ። መጎተቻውን ከመሪው ሥር ገጠምነው።

ኦቦ ቶላሳ ገብተው ተቀመጡ። ጎተቱት፣ መለሱት፣ እንደገና ጎተቱት። ዘንጓ ስትገባ እጃቸው ላይ እንደ ደረሰች ከፊታቸው ይታወቅ ነበር። «ጋሪዳ» አሉ፣ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። በማግስቱ በዝናብ ወንጪ ወጡ፤ በሳምንቱ ወደ ሸነን ሄዱ። ሁሉንም አድርሰው ተመለሱ።

አዲሱ ቆርቆሮ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከነካርቶኑ መጣ። ኦቦ ቶላሳ ቁልፋቸውን ይዘው ጋሽ ማሞን ያዩ ነበር። ጋሽ ማሞ ካርቶኑን ገለበጥ አድርገው አዩትና ሳይከፍቱት መደርደሪያ ላይ አኖሩት። ኦቦ ቶላሳ ጡረታ የወጡት ከዚያው መሪ ላይ ነው።

ጋሽ ማሞ አሁን በሕይወት የሉም። እኔም ሥራ አቁሜያለሁ። አሮጌዋ ቆርቆሮ ግን እኔ ዘንድ አለች። አንዳንዴ አውጥቼ ቱቦዋን በአፌ ስቤ በምላሴ እዘጋዋለሁ። ዘንጓ ትሳባለች፣ ቫኪዩሙንም ትይዛለች። እስከ ዛሬ ደህና ናት፣ አምቦ ላይ።

ጋሽ ማሞ አልተሳሳቱም፤ ኦቦ ቶላሳም አልዋሹም። መኪና የሚመረመረው እምቢ ብሎ የቆመበት ቦታ ተሂዶ ነው።